መርከበኛ ለእናቱ የሚተወው ወረቀት

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ፊት ለፊቴ የባጃጅ ነጂዎች «አቶቴ! አቶቴ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ማኪያቶ፣ አንድ እርሳስ፣ እናቴ እየነገረችኝ የጻፍኩት አንድ ገጽ ወረቀትም አለ። ወረቀቱ ከአንድ መስመር በቀር ሞልቷል። ከቤት የወጣሁት ያን መስመር ለመሙላት ነበር፤ ነገር ግን ማኪያቶው ቀዝቅዞ፣ መስመሩም እንደ ተከፈተ፣ አንድ ሰዓት አልፏል።

የወረቀቱ ነገር እንዲገባ መጀመሪያ ስለ ራሴ፣ ቀጥሎም በጀልባ ላይ ስለሚኖሩ ሁለት አረጋውያን መናገር አለብኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው «መርከበኛ ነኝ» ስለው ይስቃል። «የፍቅር ሐይቅን ጀልባ ነው የምትነዳው?» ይለኛል። አልፈርድበትም። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ የሐዋሳ ልጅ የሚያውቀውም ውሃ ማዶው በዐይን የሚታይ፣ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የሌለው፣ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። እኔም በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ስውል፣ በቢሾፍቱ ከባቦጋያ ሐይቅ ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ መሐንዲሶችን ለንግድ መርከብ የሚያሠለጥን ተቋም መኖሩን ሰማሁ። እንግዲህ በአንድ ሐይቅ ዳር ተወልጄ፣ በሌላ ሐይቅ ዳር ተምሬ፣ ጨው ውሃ የነካሁት 25 ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ባሕሩን ሲያይ ይውላል ብሎ የሚቀናብኝ ካለ ግን ይቅርበት። የመርከብ መሐንዲስ ሥራው ከታች፣ ከሞተሩ ጋር፣ በጩኸትና በወበቅ ውስጥ ነው። ሰማይ ሳላይ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው።

ባሕሩን ከእኔ ይልቅ የተከታተሉት አባቴ ናቸው። አባቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለ31 ዓመት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ባሕር አይተው አያውቁም። ነገር ግን እኔ መርከብ ከተሳፈርኩበት ቀን ጀምሮ አንድ የቆየ የትምህርት ቤት አትላስ ከሣጥናቸው አውጥተው፣ እሑድ እሑድ ስደውል «ዛሬ የት ነህ? ዲግሪውን ንገረኝ» ይሉኝና በእርሳስ ነጥብ አድርገው ቀኑን ከጎኑ ይጽፉ ነበር። ደብዳቤ ገቢና ወጪ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ልጃቸውንም መዘገቡት።

ሁለተኛውን ውል ከጀመርኩ በስድስተኛው ወር፣ በ2016 ዓ.ም. በሰኔ መግቢያ፣ መርከባችን ለጥገና ትሪኒዳድ ገባች። ትሪኒዳድ የካሪብያን ደሴቶች ሰንሰለት በደቡብ በኩል የሚያበቃበት፣ ከቬኔዙዌላ ጋር ፊት ለፊት የሚተያይ ደሴት ነው። ዋና ከተማው ፖርት ኦፍ ስፔን በኬክሮስ ሲለካ በደብረ ማርቆስና በደሴ መካከል ይውላል፤ ብርዳቸው ግን የለም፤ እርጥበቱ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር የሚያጣብቅ ነው። እኛ የገባንበት ሠፈር ሻጓራማስ ይባላል። እዚያ መርከቢቱ ደረቅ ወደብ ገባች። ደረቅ ወደብ ስል ሞጆን እንዳታስቡ። መርከብ ገብታበት ውሃው ሲወጣ ሆዷ እስኪታይ ድረስ በደረቁ የምትቆምበት ትልቅ ገንዳ ነው።

የግቢው ዘበኛ ፓስፖርቴን ባየ ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ትሪኒዳድን ጎብኝተው ወደ ጃማይካ ማለፋቸውን ያውቃል፤ አያቱ በመንገድ ዳር ቆመው ካዩአቸው ሰዎች አንዷ እንደነበሩ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በግቢው ውስጥ ስሜ «ኢትዮጵያ» ሆነ።

ከመጠገኛው አጠገብ በመቶ የሚቆጠሩ የሸራ ጀልባዎች አሉ፤ ምሰሶዎቻቸው ከሩቅ ሲታዩ ቅጠል ያራገፈ ደን ይመስላሉ። እዚያ የሚሰበሰቡበት ምክንያት አላቸው። በካሪብያን ሃሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ የሚነሣበት ወቅት በእነርሱ ሰኔ 1 ቀን ጀምሮ በኅዳር 30 ቀን ያበቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21፣ እስከ ኅዳር ጽዮን ማለት ነው። አውሎ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከትሪኒዳድ በስተ ሰሜን ስለሚያልፍ በጀልባ የሚኖሩ ሰዎች ክረምታቸውን በዚያ ያሳልፋሉ።

ሰኔ 23 ቀን እሑድ ነበር። ለአባቴ ደውዬ፣ ዲግሪውን ነግሬ፣ «እንደ ባለፈው ሳምንት ነህ፤ መርከብህ ሥር ሰደደች እንዴ?» ብለው ስቀውብኝ፣ ከዚያ ወደ ወደቡ ወረድኩ። አንዲት ነጭ የሸራ ጀልባ በሌላ ጀልባ ተጎትታ ስትገባ አየሁ። በላይዋ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ እንቅልፍ ባጣ ዐይን ተቀምጠዋል። ከግሬናዳ ደሴት ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ አድረው፣ ወደቡ ሊገቡ ሲሉ ሞተራቸው በሙቀት ቆሞባቸው ነው። መሐንዲስ መሆኔን ስነግራቸው ባልዮው ጫማዬን እንዳወልቅ ብቻ ለመኑኝና ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

በሽታው ቀላል ነበር። የባሕር ውሃ ስባ ሞተሩን የምታቀዘቅዘው ፓምፕ ውስጥ ባለ ክንፍ የጎማ መዘውር አለች፤ ሁለት ክንፎቿ ተቆርጠዋል። አዲስ መለዋወጫ በመሳቢያቸው ነበራቸው። ብዙ ሰው አዲሷን ብቻ ከትቶ ይሄድና ሞተሩ እንደገና ይግላል፤ የተቆረጡት የጎማ ቁራጮች የት ሄዱ ብሎ አይጠይቅምና። እኔ ቧንቧውን ፈትቼ ሁለቱን ቁራጮች ከማቀዝቀዣው አፍ ላይ ተሰክተው አገኘኋቸው። ሚስትዮዋ ቁራጮቹን በመዳፋቸው ይዘው «እነዚህ ናቸው ሊገድሉን የነበሩት?» አሉ። ገንዘብ ሊሰጡኝ ቢሞክሩ እንቢ አልኩ፤ እራት ግን አልፈልግም አላልኩም።

በማግሥቱ፣ ሰኔ 24 ቀን፣ ቤሪል የተባለው ሃሪኬን በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሮጥ ነፋስ የግሬናዳ ግዛት የሆነችውን የካርያኩን ደሴት መታ። ሽማግሌዎቹ ሁልጊዜ ክረምታቸውን ግሬናዳ ያሳልፉ ነበር፤ ካርያኩም ማንግሮቭ በሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ መካከል ጀልባቸውን አሥረው የቀሩ ወዳጆች ነበሯቸው። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ያለ ኃይለኛ ነፋስ በዚያ ወር ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። ሚስትዮዋ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጠው የጀልባ ስም እየሰሙ በደብተር ይጽፉ ነበር። ሰዎቹ መትረፋቸው ሲሰማ አለቀሱ፤ ጀልባዎቹ ግን እንደ ክብሪት እንጨት ተደራርበው ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ወደ እነርሱ መሄድ ልማዴ ሆነ። ካናዳውያን ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው፣ ቤታቸውን ሸጠው፣ 9 ዓመት በዚያች ጀልባ ኖረዋል። በጀልባ መኖር ሲባል ብዙዎቻችን የሀብታም ጨዋታ ይመስለናል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ጀልባዋ ርዝመቷ 11 ሜትር፣ ወርዷ ከ4 ሜትር የሚያንስ ነው። አልጋው የሚገኘው ሰው እንደ ድመት ተጎንብሶ በሚገባበት ጥግ ነው። ምድጃው ጀልባዋ ስትዘነብል ድስቱ እንዳይደፋ በማጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። በጉዞ ላይ የመጠጥ ውሃ በሊትር ይቈጠራል፤ ሳሕን የሚታጠበው በባሕር ውሃ ነው። መብራት የሚገኘው ከፀሐይ ነውና ሰማዩ ከደመነ በጊዜ ይተኛሉ። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ፓምፕ ባልናገር ይሻላል፤ ሁለት ጊዜ የፈታሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ አለው፤ ቢላዋውን ከቦታው ውጭ ያስቀመጠ ሰው ይቈጡታል። አንድ ጊዜ ባልና ሚስቱ ሲጣሉ ደረስኩ። ሚስትዮዋ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ፣ ባልዮው ወደ ኋላ ሄደው ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው 10 እርምጃ አይሆንም። ከዚያ የሚርቁበት ቦታ ስለሌላቸው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሻይ ጠጣን።

እኔን ከሁሉ የሳበኝ የሚቀጥለውን ጉዞ ሲያቅዱ ማየት ነበር። በትልቅ መርከብ ይህ የካፒቴኑና የመኰንኖቹ ሥራ ነው፤ ለእኛ ለታችኞቹ የሚደርሰን ትእዛዝ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ካርታውን በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው፣ እርሳሱን እየተቀባበሉ ይከራከሩ ነበር። የሚሄዱት ወደ ምዕራብ፣ መጀመሪያ ቦኔር ወደምትባል ደሴት ነው፤ 400 ያህል የባሕር ማይል። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ ጀልባዋ በቀን ከ100 እስከ 120 ማይል ብትሄድ አራት ቀን ያህል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ኮሎምቢያ፣ በመጨረሻም ወደ ፓናማ።

ከርቀቱ በፊት የሚያነሡት ግን ወቅቱን ነበር። የአውሎ ነፋሱ ወራት ሳያልፍ መነሣት አደጋ ነው፤ እጅግ ከዘገዩ ደግሞ ከታኅሣሥ ጀምሮ በኮሎምቢያ ጠረፍ ላይ ከምሥራቅ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስ እየበረታ ማዕበሉን ያስነሣዋል። የተከፈተው በር ጠባብ ነው። ከወቅቱ ቀጥሎ የውሃው ፍሰት ይመጣል፤ በዚያ ባሕር ውሃው ራሱ ወደ ምዕራብ ይሄዳልና። ከዚያ ሽፍታ ይገኝበታል ከሚባለው ከቬኔዙዌላ ዳርቻ ምን ያህል እንደሚርቁ ያሰላሉ፤ በሌሊት ማን ስንት ሰዓት እንደሚነቃም ይወስናሉ፤ ሦስት ሰዓት እርሳቸው፣ ሦስት ሰዓት ባለቤታቸው። የመነሻ ቀን ግን አልጻፉም። «ቀን ቈርጦ የሚነሣ ሰው ነፋሱን ሳይሆን ቀኑን ያያል» አሉኝ ባልዮው።

አንድ ምሽት ሚስትዮዋ ሌላ ወረቀት አወጡ። ይህ በባሕር የማይሄድ፣ በየብስ ላለ ሰው የሚተው ወረቀት ነው። የጀልባዋ ስም፣ ቀለሟ፣ የተሳፋሪዎች ቁጥር፣ የሚሄዱበት መስመር፣ ይደርሳሉ ተብሎ የሚታሰብበት ቀን፣ ካልደረሱ ስንት ቀን ተጠብቆ ለማን እንደሚነገር ተጽፎበታል። ይህን ያህሉን ማንም ጠንቃቃ መርከበኛ ያደርገዋል። ከታች ግን ሁለት መስመሮች ነበሩ። አንደኛው፦ «በጉዞ ላይ ሳለን ከቤተሰብ መጥፎ ወሬ ቢመጣ፣ ለእኔ ወዲያው ይነገረኝ» የሚል የሚስትዮዋ ነው። ሁለተኛው፦ «ለእኔ መሬት እስክረግጥ ይቈይ» የሚል የባልዮው ነው። በሳተላይት አጭር መልእክት የሚቀበል መሣሪያ አላቸውና የሚላከው ለማን እንደሆነ መለየት ነበረበት። «በአንድ ጀልባ ሆናችሁ ይህ እንዴት ይሆናል?» ብዬ ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ «እኔ ሰምቼ ለእርሱ ዝም እላለሁ፤ እንዲህ ተስማምተናል» አሉኝ።

ይህ ምሽት የሐምሌ ዋዜማ፣ ሰኔ 30 ቀን እሑድ ነበር። ጠዋት ቤት ደውዬ ነበር። አባቴን ስጠይቅ እናቴ «አባትህ ለቅሶ ላይ ናቸው» አለችኝ። ከበስተኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ጎረቤት ለቅሶ ገብቶ ይሆናል ብዬ፣ እህቴን ዲግሪውን አስጽፌ ስልኩን ዘጋሁ።

መርከባችን ሐምሌ 10 ቀን ከገንዳው ወጣች። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ አባቴ ወይ ተኝተው ነበር፣ ወይ ገጠር ወርደው ነበር፣ ወይ ጆሯቸውን አሟቸው ስልክ መስማት አልቻሉም። አመንኩ። ማመን ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ውሌን ጨርሼ ሐዋሳ በምሽት ገባሁ። «አባትህ ነገ ይመጣሉ» ተባልኩ። ጎሕ ሲቀድ የበሩ መንኳኳት ቀሰቀሰኝ። አጎቴ፣ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች፣ የአባቴ የመሥሪያ ቤት ጓደኞች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አንባቢ ኢትዮጵያዊ ነውና ከዚያ በኋላ ያለውን መንገር አያስፈልገኝም። አባቴ ሰኔ 26 ቀን ረቡዕ፣ ልብ አልመታላቸው ብሎ፣ በዚያው ቀን ዐርፈዋል።

አትላሱን ያየሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በትሪኒዳድ ላይ አንድ ነጥብ አለ፤ መርከቢቱ አልተንቀሳቀሰችምና ቀኖቹ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ተደራርበው ተጽፈዋል። እስከ ሰኔ 23 ያሉት በአባቴ ቀጥ ያለ የመዝገብ ቤት ጽሕፈት ናቸው። ሰኔ 30 ከሚለው ጀምሮ የእህቴ እጅ ነው።

መርዶ ለምን እንደሚደበቅ አውቃለሁ። በሰው አገር ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ይሆናል ተብሎ፣ በደግ ልብ የሚደረግ ነው፤ እኔም ለሌሎች ደብቄ አውቃለሁ። ነገር ግን ተቈጣሁ። መርከቢቱ በባሕር መካከል አልነበረችም፤ በገንዳ ውስጥ ቆማ ነበር። እስከ ሐምሌ 10 ድረስ እኔ ባለሁበት ደሴት አውሮፕላን በየቀኑ ይነሣ ነበር። ፈቃድ ባገኝ ለቀብሩ ባልደርስ ለዐርባቸው እደርስ ነበር። እኔ ግን በእነዚያ ቀናት የሰው መጸዳጃ ፓምፕ እየፈታሁ፣ የሰው ጉዞ ሲታቀድ በአድናቆት እያየሁ አመሸሁ። እናቴን ለብዙ ቀን ከሰላምታ በላይ አላነጋገርኳትም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ኀዘንተኛዋ እርሷም ነበረችና።

እንደገና አልሄድም ብዬ በከተማው በጋራዥ ሥራ ተቀጠርኩ። ባለፈው ወር መርከበኞች የሚቀጥር ወኪል ደወለ፤ ዘጠኝ ወር፣ በሦስተኛ መሐንዲስነት። ለእናቴ ሳልነግራት ሦስት ቀን ቈየሁ። በአራተኛው ቀን እሑድ ከቅዱስ ገብርኤል ስንመለስ ወደ አሞራ ገደል ይዣት ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ በማለዳ አውጥተው ቆሮሶና አምባዛ እየለዩ ነው፤ አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው አንጀቱ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። አሳ ሾርባ አዝዘን ተቀመጥንና ነገርኳት። ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረቀትም ያን ዕለት ነገርኳት፤ ከዚያ በፊት ለማንም አላወራሁም ነበር።

እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ጻፍ» አለችኝ።

«ምን ልጻፍ እማዬ?»

«እኔ የማደርገውን ጻፍ። ከእንግዲህ ክፉም ቢሆን ደግ አልደብቅህም። ጻፍከው? አሁን ደግሞ ያንተን። ያ ክንድህ ላይ ያለው ጠባሳ ከየት መጣ?»

ለካ አይታዋለች። በመጀመሪያው ውሌ ትኩስ እንፋሎት ክንዴን አቃጥሎኝ ሁለት ሳምንት ተኝቼ ነበር። በየእሑዱ «ደኅና ነኝ» እያልኩ ነበር የማልፋት። አፍሬ ዐንገቴን ደፋሁ።

«አባትህም እኮ ገብቷቸው ነበር» አለች። «ድምፅህን ሰምተው፣ ‹ይህ ልጅ ታሟል፤ እንዳይጨነቅ አትጠይቂው› አሉኝ። አንተ ደበቅኸን፣ እኛም ዝም አልንህ። ጻፍ፤ ሲያመኝ እናገራለሁ በል።»

ጻፍኩ። መርከቢቱ የምትነሣበትን ወደብ፣ የወኪሉን ስልክ፣ ድምፄ ስንት ቀን ቢጠፋ ለማን እንደሚደወል ጻፍን። እህቴ ማታ ከሥራ ስትመለስ መርከቢቱ የምትሄድባቸውን አገሮች ሰዓት ጨመረችበት፤ ትሪኒዳድ ከእኛ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሰዓቱን የፈለገችው እናቴ ነች። መርዶ በጎሕ ነው የሚነገረው፤ በቀትርም በእኩለ ሌሊትም አይሆንም። ስለዚህ ለእኔ የሚነገረኝ እኔ ባለሁበት አገር ሲነጋ መሆን አለበት አለች። ይህንም ጻፍን።

የቀረችው መስመር የመጨረሻዋ ናት፤ እርሷንም የጨመረችው እናቴ ናት። መርዶ ለብቻው ቆሞ ለሚሰማ ሰው አይነገርም። እህቴ ስትደውል አስቀድማ ለአንድ የመርከቢቱ ሰው ትነግረዋለች፤ እርሱም መጥቶ ከአጠገቤ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው እኔ የምሰማው። ማን ይሁን? ካፒቴኑን እንዳልጽፍ ካፒቴን እንዲህ ላለው ነገር አይመችም። ቀድሞ አብሮኝ ይሠራ የነበረውን ፊሊፒናዊ እንዳልጽፍ እርሱ ሌላ መርከብ ላይ ነው። በአዲሷ መርከብ ላይ የማውቀው አንድ ሰው የለም።

እናቴ ጠዋት «ሞላኸው?» ብላ ጠይቃኛለች። አሁንም ማታ ስገባ ትጠይቀኛለች። የምመልስላት አንድ ነው፤ በተሳፈርኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሰዎቹ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ገበታ ከቀረብኩ በኋላ፣ ስሙን በስልክ እነግራታለሁ፤ እህቴም በእርሳስ ትጽፈዋለች።